ስምቢራ እንጂ ሽምብራ አይደለም

በ2014 ዓ.ም. ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ሲያልቅ፣ ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ውስጥ፣ ሰማንያ የተጠጉ አንዲት አሮጊት ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ግማሽ ቀን ሄድን። ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። በወጣትነቴ ከሸዋ እስከ ጅማ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጥቻለሁ። ሰው «ረጅሙ መንገድህ የቱ ነው?» ቢለኝ ግን ያንን ግማሽ ቀን ነው የምለው።

አሮጊቷ አዴ ዚያዳ ናቸው። አዴ በኦሮምኛ እንደ እኛ ወይዘሮ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ቡናው ነጭ አበባውን ባወጣበት ሰሞን አረፉ። ያን ጠዋት የቡ ወርጄ ስለነበር የሰማሁት በስልክ ነው። ልጃቸው ደወለችልኝ፤ ጆሮዬ ስለደከመ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

«እማዬ ሄደች፣ ጋሽ ደምሴ» አለችኝ።

«ወዴት?» አልኳት።

በዚህ ብዙ ሰው ስቆብኛል። ጅል ሆኜ አልነበረም። አዴ ዚያዳ ሁልጊዜ ይሄዱ ነበር፤ «ጫካ ሄደች» ብትለኝ ኖሮ «እሺ» ብዬ ስልኩን እዘጋው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ከሰጋጆቹ ኋላ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ስመለስ ስለ እሳቸው እጽፋለሁ አልኩ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢወላገድ፣ ነገሬ ቢዘበራረቅ አንባቢ ይታገሠኝ። ባይታገሠኝም እቀጥላለሁ።

አዴ ዚያዳ አጭር ነበሩ። ቀጭን። ከሩቅ ሲታዩ ሻሽ የተጠመጠመበት የቡና ችግኝ ይመስላሉ። በጋ ከክረምት ኮንጎ ጫማ፣ በጋ ከክረምት ጥቁር ጃንጥላ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጫካ ሲገቡ አየኋቸው።

«አዴ፣ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም፤ ይሄ ነገር ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የአላህ ዝናብ አባርቷል፤ የወፎቹ መች አባራ?» አሉኝ።

እየሳቅሁ ቀና ከማለቴ አንዷ ግንባሬ ላይ አዘነበችብኝ። «ወላሂ፣ ሰምታሃለች!» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ።

ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞተውባቸዋል። ማሳ የላቸውም፤ ከብት የላቸውም። አራት ልጅ ያሳደጉት ከዚያ ጫካ ኮረሪማና ጥምዝ እየለቀሙ፣ የቡ ገበያ እየሸጡ ነው። ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ፣ በጋው ጠንከር ሲል ደግሞ በየሳምንቱ ረቡዕ ባዶ እጃቸውን ጫካ ይገባሉ። «ዛሬ ለለቀማ አይደለም፤ ለጥየቃ ነው» ይላሉ። እንደ ዘመድ ጥየቃ ማለታቸው ነው። ሰሳው እንዴት ከረመ? ሾላው አፈራ ወይ? በርበራው አበባውን አወጣ ወይ? ከሩቅ አገር ለበጋ የምትመጣ፣ መንገድ ላይ እየሮጠች ጅራቷን የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍ አለች፤ እሷን «ኬሱማ» ይሏታል፣ እንግዳ ማለት ነው። ኬሱማ መንገዱን ከያዘች አዴ ዚያዳ ወደ ዳር ወጥተው ይቆማሉ። «ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ እንደደከማት ግን አውቃለሁ» ይሉ ነበር።

ጫካ ውስጥ የሚያወራ ሰው አይወዱም። ጣታቸውን ያነሱና «ጨል ጄዲ!» ይላሉ፤ ዝም በል ነው። «ወፍ ስሙን ራሱ ይናገራል፤ በሌላ ስም የሚጠራው ሰው ነው» የሚል አባባል ነበራቸው። ይህ አባባል እኔን ለምን እንደሚወጋኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አንድ ጊዜ የሰርግ መኪናዎች ጥሩምባቸውን እያንባረቁ በጫካው ዳር ሲመጡ፣ አዴ ዚያዳ መንገዱ መሐል ገብተው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ሙሽራው በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«እናታችን ምን ሆኑ? ሙሽራ ይዘናል እኮ!»

«እዚህም ሙሽራ አለች» አሉ፤ በጣታቸው ወደ ዛፎቹ እያሳዩ። «ያንተዋ በመኪና ትሄዳለች፤ የእኛዋ ተዘግቶባታል። ቀስ ብለህ እለፍ።»

እብድ ናቸው ተባለ። ግን ጥሩምባው ቆመ። መኪናዎቹም አስከሬን እንደያዙ ሁሉ ዝም ብለው አለፉ።

ጥፋትም ነበረባቸው፤ አልደብቅም። ሰው ላይ መሳቅ ይወዳሉ። የተዋሱትን ዕቃ አይመልሱም፤ ማጭዴ ዛሬም እሳቸው ጓሮ ነው። እሳቸውና እኔ ከአርባ ዓመት በላይ ጎረቤት ነበርን፤ የዚህን ግማሽ ተኮራርፈን ነው። በእርግጥ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ማኩረፌን አላወቁም።

የኩርፊያውን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ።

በ1972 ዓ.ም. የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። ከመሠረተ ትምህርት ተመርቄ ገና እስክሪብቶ መያዜ ነው። የገበሬ ማኅበሩ «ጸሐፊ ሁን» አለኝ፤ ሌላ የሚጽፍ ስላልነበረ ነው። ደረቴን ነፍቼ ስሄድ አዴ ዚያዳ ከአጥር ማዶ ጮክ ብለው ጠሩኝ።

«ያ በሬሳ! ያ በሬሳ!»

ዱላዬን ይዤ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። «ማንን ነው በሬሳ የሚጠሩት? ማን ሞተ? እኔን ነው ልትቀብሩ?» ብዬ ጮህኩ። አብረዋቸው የነበሩት ሴቶች በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ለካ በሬሳ በኦሮምኛ ጸሐፊ ማለት ነው። ያኔ የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነበር፤ ከመሸመት አያልፍም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከሚያርፉ ድረስ አዴ ዚያዳ በሌላ ስም አልጠሩኝም።

በዚያው ወር መሬት መመዝገብ ጀመርን። ሊቀመንበሩ እየዞረ ቦታውን በኦሮምኛ ይጠራል፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ጫካው ጋ ስንደርስ «ስምቢራ» አለ። ስምቢራ በኦሮምኛ ወፍ ነው፤ ቦታው ጫካ ስምቢራ፣ የወፍ ጫካ ይባላል። እኔ ደግሞ የሸዋ መረሬ፣ የጥቁር አፈር አገር ልጅ ነኝ፤ የሽምብራ እሸት እየጠረጠርኩ ያደግሁ። ጆሮዬ የሰማው ሽምብራ ነው። ጻፍኩ። ከአጠገቡ «የመሬቱ ዓይነት» የሚል ሰንጠረዥ ነበረ። ሽምብራ የሚዘራው እርሻ ላይ ነው ብዬ «እርሻ» አልኩበት። ጫካው ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው ይህን የጻፍኩት። እስክሪብቶ የያዘ ሰው ቀና አይልም።

ስብሰባ ላይ ዝርዝሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። አዴ ዚያዳ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ።

«ሹምቡራ ሚቲ! ስምቢራ! ስምቢራ!» ሽምብራ አይደለም፣ ወፍ ነው ማለታቸው ነው።

እኔስ ምን አልኩ? «እርስዎ ፊደል የቆጠሩት የት ነው?» አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ተቀመጡ። ሳቁ ጣፈጠኝ። ቤቴ ሳልደርስ ስህተቴ ገብቶኝ ነበር፤ ሆኖም ጸሐፊ የጻፈውን ይሰርዛል እንዴ ብዬ እልህ ያዘኝ። መሰረዝ እችል ነበር፤ መዝገቡም እስክሪብቶውም እኔ ጋ ነበሩ። አልሰረዝኩም። ከዚያ እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አጠቁራለሁ። የበደለ እኔ፣ ያኮረፈም እኔ።

አርባ ሁለት ዓመት አለፈ። መንግሥት ተለወጠ፤ ማኅበሩ ፈረሰ፤ መዝገቡ ወደ ወረዳ ሄደ። እኔም ረሳሁት።

በ2014 የገና በዓል ካለፈ በኋላ ስብሰባ ተጠራን። ከወረዳ ኦቦ ገመቹ የሚባል ጎልማሳ ባለሙያ መጣ፤ ትሁት ሰው ነው፣ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበር ይነሳል። አንድ ባለሀብት ጫካውን መንጥሮ ባሕር ዛፍ ሊተክል መጠየቁን ነገረን። ሰው ተንጫጫ።

«ስሙኝ» አለ ገመቹ። «የተፈጥሮ ደን ቢሆን ማንም አይነካውም። በመዝገቡ ግን እርሻ ነው። ጦም አድሮ ዛፍ የበቀለበት እርሻ። ስሙም ሽምብራ ይላል።»

ቡናማውን ደብተር ከፍ አድርጎ አሳየን። ፊደሉን አወቅሁት። የእኔ ሽ አናቷ ላይ ያለው ሰረዝ ወደ ግራ ይጋደማል፤ ሰክራ ቆቧ ያዘነበለ ትመስላለች። አገሩን ሁሉ ብትዞሩ እንዲህ ያለች ሽ የምትገኘው እኔ ጋ ብቻ ነው። ወንበሬ ላይ ደረቅሁ።

አዴ ዚያዳ ተነሱ። «ልጄ፣ እዚያ ሽምብራ የተዘራበት ቀን የለም።»

«እናቴ፣ ማስረጃ አለዎት?»

«ጫካው ራሱ!»

«ጫካ አይፈርምም» አለ አንድ ሰው ከፊት። አዲስ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ካርታ የጠቀለለ ሰው ነው፤ የባለሀብቱ ወኪል።

ገመቹ ደብተሩን ዘጋ። «ጥር ሳያልቅ መጥቼ በእግሬ አየዋለሁ። ታርሶ የማያውቅ ለመሆኑ ምልክት ካሳያችሁኝ ያየሁትን እጽፋለሁ። ካላሳያችሁኝ ምንጣሮው የካቲት ላይ ይጀምራል።»

ሦስት ሳምንት ምግብ አልዋጥልህ አለኝ። «ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ለማለት አሥር ጊዜ ከቤት ወጣሁ፤ አሥር ጊዜ ተመለስኩ። ያሳስሩኝ ይሆን ብዬም ፈርቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከእስሩ ይልቅ የፈራሁት «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ነው። ያንን ቃል እስከዚያ ዕድሜዬ ለሚስቴ እንኳን ብዬላት አላውቅም።

አንድ ጠዋት አዴ ዚያዳ በአጥሩ ላይ አዩኝ።

«ያ በሬሳ፣ ከሳህ። ኮሶ ታየህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ረቡዕ ይመጣሉ። አንተም ና።»

«እኔ ምን ላደርግ? ወፍ አላውቅ፣ ዛፍ አላውቅ።»

«ሽምብራ ታውቅ የለ» አሉና ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ተሰበሰብን። ገመቹ፣ ወኪሉ፣ እኔና አሥር የምንሆን የመንደር ሰዎች። አዴ ዚያዳ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ «ቢስሚላሂ» አሉ፤ ቀደሙን።

ዳር ዳሩ ቡና ነው። ለቀማው አልቆ ቅርንጫፉ ቀሎት ቀና ብሏል። በላዩ ሰሳው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ በርበራው ሐምራዊ አበባውን መንገዱ ላይ አራግፎታል፤ የምንረግጠው አፈር አይደለም፣ አበባ ነው።

ወኪሉ ቶሎ አለ። «ይኸው ቡና ተተክሏል! የሰው እጅ የነካው መሬት ነው።»

«ይሄ ዳሩ ነው» አሉ አዴ ዚያዳ ዞር ሳይሉ። «ዳር የሁሉም ነው። ግባ።»

ገባን። ብርሃኑ ቀነሰ፤ አየሩ በረደ። ሐረጉ ከዛፍ ዛፍ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ግንዶቹ ላይ ሽበት ወጥቶባቸዋል። አዴ ዚያዳ ጎንበስ ብለው ረጃጅም ቅጠል ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ፣ መሬቱን ታክኮ፣ ቀይ የኮረሪማ ፍሬ ተቀምጧል።

«ይህን የተከለው የለም። ፀሐይ ካየ ይሞታል። ጥላው አንድ ዓመት ቢነሳ አታገኘውም» አሉ።

ገመቹ በማስታወሻው ጻፈ። «ሽምብራስ? ሽምብራ የሚያውቅ ሰው አለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የመረሬ አገር ልጅ መሆኔን የማያውቅ የለም።

«ሽምብራ ጥቁር አፈር ይወዳል፤ ዝናብ ሲያባራ በፀሐይ ነው የሚዘራው። ጥላ ውስጥ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። እዚህ ሽምብራ የሚዘራ ሰው እብድ ነው።»

«ታዲያ የትኛው እብድ ነው የጻፈው?» አለ ገመቹ እየሳቀ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ጨል ጄዲ!»

ጣታቸው ተነሳ። የወረዳው ሰው እንኳን እስትንፋሱን ያዘ። ከላይ እንደ ውሻ የሚጮህ የጎረነነ ድምፅ መጣ። ቅጠሉን አየሁ፤ ምንም የለም። ድንገት ከቅጠሉ ራሱ አንዲት ወፍ ወጣች። ስትቀመጥ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ስትበር ክንፏ ሥር ደም የመሰለ ቀይ። አንዱ «ያ ረቢ!» አለ። አርባ ዓመት በዚያ ዳር ስመላለስ አይቻት አላውቅም። እውነቱን ልናገር? ቀና ብዬ ስለማላውቅ ነው።

አዴ ዚያዳ ደግሞ ሌላ ድምፅ ያዙ፤ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። «ግንደ ቆርቁር። ያረጀ እንጨት ከሌለ ቤት የላትም» አሉ። ጅራቱ ከሰውነቱ ሁለት እጥፍ የረዘመ ቀይ ወፍ ከዘንባባው ወደ ግራዋው ተወረወረ። ጉሬዛዎቹ ካባቸውን አንጠልጥለው ከላይ አዩን። እሳቸው እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ፣ የሚበላውን ዛፍ በጃንጥላቸው ጫፍ እያሳዩ ይሄዳሉ። ገመቹ ጽፎ መድረስ አቃተው። ወኪሉ ብቻ ሰዓቱን ያያል።

«ወፍ የትም አለ» አለ። «ከተማም አለ። ወፍ ማስረጃ አይሆንም።»

አዴ ዚያዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት። «ልጄ፣ ገና አልደረስንም።»

የደረስነው አንድ ቀረሮ ሥር ነው። እንዴት ያለ ዛፍ! አምስት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘን ዞርነው፤ አልገጠምንም። ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ በጭቃ ተለስኗል። መሐሉ ላይ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች።

«ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጥን። ብዙ ቆየን። ወኪሉ ሊናገር አፉን ሲከፍት ከላይ ወናፍ የሚነፋ የመሰለ ድምፅ መጣ። ትልቅ ጥቁር ወፍ ነው፤ ክንፉ ነው እንዲያ የሚጮኸው። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት ይመስላል። ግንዱን ጨበጠ። ከጉሮሮው የሾላ ፍሬ አወጣና በስንጥቋ አቀበለ። ከውስጥ የሌላ ምንቃር ጫፍ ብቅ ብሎ ተቀበለው። እንደገና አወጣ። እንደገና አቀበለ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሚስቱ ውስጥ ናት» አሉ አዴ ዚያዳ በሹክሹክታ። «እንቁላሏን ልትታቀፍ በሯን በጭቃ ዘግታለች። እስክትወጣ እሱ ይቀልባታል። እኔ ተድሬ ስመጣ በዚህ ጉድጓድ ነበሩ። የባሌ እናት ተድራ ስትመጣም በዚሁ ነበሩ ብላኛለች። ጦም ባደረ እርሻ ላይ የበቀለ ዛፍ እንዲህ ያለ ቤት የሚያወጣው መቼ ነው፣ ልጄ?»

ገመቹ ባርኔጣውን አወለቀ። ግንዱን በመዳፉ ነካው። «ሚቲ» አለ። «ይሄ እርሻ ሆኖ አያውቅም።»

ሰው መንጫጫት ሲጀምር እጁን አነሳ። «ቆዩ። ዛፉን አምኛለሁ። አለቆቼ ግን 'ወረቀቱስ?' ይሉኛል። ዛፉን ቢሮ ወስጄ አላሳያቸውም። ይህን ቃል የጻፈው ሰው ማነው? በሕይወት አለ?»

በ1972ቱ ስብሰባ ላይ ከነበሩት፣ በዚያ ቀን ከዛፉ ሥር የቆምነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና እሳቸው። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። ጃንጥላቸውን አጥፈው የሄደውን ወፍ በዓይናቸው ይከተላሉ። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። በሕዝብ ፊት አሳፍሬያቸዋለሁ፤ በሕዝብ ፊት ሊያሳፍሩኝ ይችሉ ነበር። እንጀራቸው፣ የልጆቻቸው ማደጊያ፣ ሁሉ ነገራቸው በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ፣ አልተናገሩም። ቦታውን ለእኔ ተዉልኝ።

ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አለሁ። በኦሮምኛ ስምቢራ አሉኝ፤ ሽምብራ ጻፍኩ። እኚህ ሴት በዕለቱ አርመውኛል። ፊደል አያውቁም ብዬ አሳቅሁባቸው። ተሳስቻለሁ።»

«ውሸት ነው!» አለ ወኪሉ። «ሽማግሌው ጎረቤታቸውን ሊያድኑ ነው!»

ገመቹ ወደ እኔ ዞረ። ከቦርሳው ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ሽምብራ ብለው ይጻፉልኝ።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ቡናማውን ደብተር ከፈተና አጠገቡ አኖረው። ሁለቱ ሽዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም ቆባቸው ወደ ግራ አዘንብሏል። አርባ ሁለት ዓመት ጽፌ አንዲት ፊደል አላቃናሁም! ገመቹ መሳቅ ጀመረ፤ ደብተሩን ለወኪሉ አሳየው፤ ወኪሉ አየና ካርታውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«አሁን ትክክለኛውን ይጻፉ» አለኝ።

ስምቢራ ብዬ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ። ከሥሩም «ወፍ ማለት ነው፣ ጫካ ነው፣ እርሻ ሆኖ አያውቅም» ብዬ ፈረምኩ። ገመቹ ፈረመ፤ ሦስት ምስክሮች ፈረሙ። አዴ ዚያዳ መጡና ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ።

«የቷ ናት ወፏ?»

አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ ሄዱባት፤ ስ፣ ም፣ ቢ፣ ራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ በሬሳ! በእጅህ ትዘገያለህ እንጂ ትደርሳለህ!»

እልልታው ተነሳ። እንዴት ያለ እልልታ! ቀረሮው ላይ የነበረው ሁሉ ተነስቶ በረረ፤ አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ ከራሳችን በላይ ዞረ። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ጃንጥላቸውን እንደ ጦር እየነቀነቁ ዘለሉ። «ሁሉንም አስነሳችኋቸው!» ብለው ይቆጣሉ፣ መልሰው ይዘላሉ። ወንዶቹ እሳቸውን ከበው ዘፈኑ፤ ገመቹም እጁን አጨበጨበ። ድል አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ።

የወረዳው ደብዳቤ በየካቲት መጣ፤ ቦታው በደንነት ተመዘገበ፣ ስሙም ታረመ። ለእኛ ግን ያለቀው ያን ረቡዕ ነው። አዴ ዚያዳ ከዚያ በኋላም እስኪያርፉ ድረስ ጥየቃቸውን አላቋረጡም። እኔም አንዳንዴ እከተላቸዋለሁ፤ ግማሹን ስም ዛሬም እሳሳታለሁ።

የዚያ ረቡዕ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ የቡ ወረድኩ። ፀጉር ቤት ገባሁ፤ ወረፋ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላቸው፤ ከወፎቹ ሳይሆን፣ ከዛፉ ሳይሆን፣ «ጫካውን ሽምብራ ያልኩት እኔ ነኝ» ከሚለው። ያ ፀጉር ቤት በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ቆመ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህን ሲያወሩ አያፍሩም?»

«አፈርኩ እንጂ» አልኩት። «ትናንት አፍሬ ጨረስኩ።»

አልኩና አገጬን ቀና አድርጌ ለምላጩ ሰጠሁት።